ጣቷ ቀይ፣ ጉልበቷ ሰማያዊ፦ ቴርማል ካሜራ ስለ መገጣጠሚያ ብግነት ምን ይነግረናል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። እናቴ 54 ዓመቷ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጠዋት ስትነሳ የሁለቱም እጆቿ ጣቶች አይታጠፉላትም፤ እስኪፍታቱ ሰዓት ይፈጃል። የቀኝ ጉልበቷም ያብጣል። ሰፈር ውስጥ ‹ብርድ ነው› ይሏታል። ሲብስባት ከፋርማሲ ዲክሎፋናክ ገዝታ ትወስዳለች። በቅርቡ አንድ ማዕከል ‹ያለ ደም ምርመራ፣ በሙቀት ካሜራ ብቻ የመገጣጠሚያ በሽታን እናውቃለን› ሲል ሰማን። ወንድሜ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ይሠራል። ስልክ ላይ የሚሰካ ቴርማል ካሜራ ስላለው ‹ለምን እንከፍላለን› ብሎ ራሱ አነሳት። የቀኝ እጇ ጣቶች ቀይ፣ የግራዎቹ ቢጫ፣ ያበጠው ጉልበቷ ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ጉልበቷ ደህና ነው ማለት ነው? ወደ ማዕከሉስ እንውሰዳት? ሶደሬ ብትሄድስ ይጠቅማታል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሰማያዊው ጉልበት ደህና ነው ማለት አይደለም። ቀዮቹም ጣቶች የግድ ታመዋል ማለት አይደለም። ፎቶው እንደተነሳበት ሁኔታ ከሆነ ስለ እናትሽ መገጣጠሚያ የሚነግረን ነገር በጣም ትንሽ ነው። የጻፍሽው ግን ብዙ ይናገራል። «እስኪፍታቱ ሰዓት ይፈጃል» ያልሽው ለእኔ ከፎቶው በብዙ ይበልጣል። ወደ እሱ እመጣለሁ። ወንድምሽም ካሜራውን እርግፍ አድርጎ ይተወው አልልም። በደንብ ከተያዘ ጥቅም አለው። ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ግን ማወቅ አለበት።

ከቀለሙ እንጀምር

ካሜራው ቀለም አያይም። የሚቀበለው ከቆዳ የሚወጣውን የኢንፍራሬድ ጨረር ነው። ዊልያም ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1800 ያገኘው ጨረር ነው፤ ዓይናችን አያየውም። ከሰው ቆዳ በብዛት የሚወጣው ከ9 እስከ 10 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ነው። ካሜራው ይህን ወደ ዲግሪ ይቀይረዋል። ከዚያ ሶፍትዌሩ ዲግሪውን ቀለም ይቀባዋል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

አብዛኞቹ ካሜራዎች፣ ሰው ካላስተካከላቸው በቀር፣ ቀለሙን በየፎቶው እንደ አዲስ ያከፋፍሉታል። ፎቶው ውስጥ ካለው ሁሉ በጣም የሞቀው ቀይ ወይም ነጭ ይሆናል። በጣም የቀዘቀዘው ሰማያዊ ይሆናል። 33 ዲግሪ የሆነ ጣት ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሲነሳ ቀይ ሊወጣ ይችላል። ያው ጣት ከአጠገቡ የፈላ ጀበና ካለ ሰማያዊ ይወጣል። ጣቱ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ የእጁን ፎቶና የጉልበቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ቀለም ማወዳደር አይቻልም። ዲግሪው ያልተጻፈበት ፎቶ ከጌጥ አያልፍም።

ቁጥሩም ቢሆን የሚታመነው በልኩ ነው። ለጥገና ሥራ የተሠሩ ካሜራዎች ብዙ ጊዜ በ2 ዲግሪ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ለብሬከርና ለሞተር ይህ ምንም አይደለም። ወንድምሽ የላላ ኬብል የሚያገኘው ከጎኑ ካለው በአሥራ ምናምን ዲግሪ ግሎ ነው። መገጣጠሚያ ላይ የምንፈልገው ልዩነት ግን ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 ዲግሪ ነው። ደግነቱ፣ እነዚሁ ካሜራዎች በአንድ ፎቶ ውስጥ ያሉ ሁለት ቦታዎችን ሲያወዳድሩ የ0.1 ዲግሪ ልዩነት እንኳ ሊለዩ ይችላሉ። «ጉልበቷ 33.4 ነው» የሚለው ንባብ ብዙም አያስተማምንም። «የቀኙ ጉልበት ከግራው በ1.5 ዲግሪ ይሞቃል» የሚለው ግን፣ ሁለቱም በአንድ ፎቶ ላይ እስካሉ ድረስ፣ ጆሮ ሊሰጠው ይገባል።

የምስሉ ጥራትም አለ። ስልክ ላይ ከሚሰኩት ርካሾቹ 80 በ60 ነጥብ ብቻ ያላቸው ናቸው። የእይታ ስፋቱ 55 ዲግሪ ገደማ ከሆነ፣ ከ1 ሜትር ርቀት ሲነሳ እያንዳንዱ ነጥብ 1.3 ሴንቲሜትር ያህል ቆዳ ይሸፍናል። የጣት አንጓ በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ተወከለ ማለት ነው! ስልኩ ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው የጣት መስመር ብዙ ጊዜ ከተራው ካሜራ ተወስዶ የተደረበ ነው። ከ30 ሴንቲሜትር ሲነሳ አንድ ነጥብ ወደ 4 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ያ ይሻላል። ለምርምር የሚውሉት ካሜራዎች ብዙውን ጊዜ 320 በ240 ወይም 640 በ480 ነጥብ አላቸው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚሸፍን ስስ ገለፈት አለ። ሲኖቪየም ይባላል። በሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ ይህንን የራሱን ገለፈት ማጥቃት ይጀምራል። ገለፈቱ ይወፍራል። ያሉት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ አዳዲሶችም ይበቅላሉ። 37 ዲግሪ ገደማ የሆነ ደም በብዛት ወደ ቦታው ይጎርፋል። በላዩ ያለው ቆዳ ደግሞ ከውስጡ በብዙ ዲግሪ የቀዘቀዘ ነው። ስለዚህ ከሥር የመጣው ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ ይታያል።

ካሜራው የሚያየው ግን ቆዳውን ብቻ ነው። ያውም ከ1 ሚሊሜትር በታች የሆነውን የላይኛውን ንጣፍ። ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ አይገባም። ምጣድ ላይ እጇን ዘርግታ ሙቀቱን የምትለካ ሴት ከሥር እሳት መኖሩን ታውቃለች፤ የሚነደው እንጨት ይሁን ኩበት በእጇ አትለይም። ካሜራውም እንዲሁ ነው። ሩማቶይድ ያሞቃል። ሪህ፣ ማለትም ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠራቀም የሚመጣው በሽታ፣ ሲነሳ ከዚያም በላይ ያሞቃል። ባክቴሪያ የገባበት መገጣጠሚያ ያሞቃል። ወለም ያለ እግር ያሞቃል። ቆዳ ላይ ያለ ቁስል እንኳ ያሞቃል። ካሜራው ሁሉንም በአንድ ቀለም ነው የሚያሳየው።

የማያሞቁም አሉ። በዕድሜና በብዙ ሸክም የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላት፣ ኦስቲዮአርትራይተስ፣ ብዙ ጊዜ ያማል እንጂ ያን ያህል አያሞቅም። ቲቢ ጉልበት ወይም ዳሌ ውስጥ ሲገባ ቀስ ብሎ ነው የሚያሳብጠው፤ ብዙ ሳይግል ወራት ሊቆይ ይችላል። እኛ አገር አንድ ጉልበት ብቻ ለወራት አብጦ ሲመጣ ቲቢን ሳላስብ አላልፍም። ዳሌ ደግሞ ጥልቅ ነው። በጡንቻ ስለተሸፈነ ቢቆጣም ካሜራው አያየውም። ቆዳ ሥር ያለ ስብም ሙቀቱን ይይዘዋል፤ ወፈር ባሉ ሰዎች የተቆጣ ጉልበት «ቀዝቃዛ» ሊመስል ይችላል።

ስለ ቆዳ ቀለም አንድ ነገር ልበል። ሐኪሞች ብግነትን የሚያውቁት በመቅላት፣ በትኩሳት፣ በእብጠትና በሕመም ነው። ሮማዊው ሴልሰስ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት አራቱን ጽፏቸዋል። መቅላቱ ነጭ ቆዳ ላይ ከሩቅ ይታያል። እኛ ላይ ግን ይደበቃል። ጠይም ቆዳ ጠቆር ይላል ወይም ተወጥሮ ያብለጨልጫል እንጂ ቀይ አይሆንም። የተማረ ዓይን እንኳ ሊያልፈው ይችላል። ለቴርማል ካሜራ ግን የቆዳ ቀለም ልዩነት የለውም። በእነዚህ ረጃጅም ሞገዶች ጠይሙም ነጩም ቆዳ ጨረር የመልቀቅ አቅሙ 0.98 አካባቢ ነው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በጥቁር ቆዳ ላይ ሊሳሳት እንደሚችል ሰምተሽ ይሆናል። እሱ ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ነው የሚለካው፤ ስለዚህ የቆዳው ቀለም ይገባበታል። ቴርማል ካሜራ ምንም ነገር አይልክም፤ የሚመጣለትን ብቻ ይቀበላል። በዚህ አንድ ነጥብ መሣሪያው ከዓይን ይልቅ ለእኛ ፍትሐዊ ነው ባይ ነኝ።

ሰማያዊው ጉልበት

ጤነኛ ጉልበት ከጭኑም ከቅልጥሙም ይቀዘቅዛል። የጉልበት ሎሚው ላይ ሙቀት የሚያመነጭ ጡንቻ የለም። ስለዚህ ፎቶ ላይ ሰማያዊ ክብ ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነው። መጠየቅ ያለበት «ከግራው ጋር ሲነጻጸርስ?» የሚለው ነው። ከጭንና ከቅልጥም ጋር እኩል የሞቀ ጉልበት ቀለሙ ምንም ይሁን ምን ተቆጥቷል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይህን ለማወቅ ደግሞ ካሜራ አያስፈልግም። እናትሽ አልጋ ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ ብርድ ልብሱ ተነስቶ ትንሽ ይቆዩ። የእጅሽን ጀርባ ጭናቸው ላይ አሳርፊ። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ። ከዚያ ቅልጥማቸው ላይ። ሞቅ፣ ቀዝቀዝ፣ ሞቅ ማለት አለበት። ጉልበቱ ላይ ስትደርሺ ቅዝቃዜው ከጠፋ ትርጉም አለው። በግራው እግርም ድገሚው። እኛም ክሊኒክ ውስጥ የምናደርገው ይህንኑ ነው። የምንጠቀመው መዳፍ ሳይሆን የእጅ ጀርባ ነው።

ጣቶቹስ? ጣት ሙቀቱ በጣም ከሚለዋወጥ የሰውነት ክፍል አንዱ ነው። ልብስ ካጠቡ፣ ሲኒ ከያዙ፣ ሽንኩርት ከከተፉ፣ ወይም ዝም ብለው ከተናደዱ እንኳ በብዙ ዲግሪ ይወጣል ይወርዳል። እናትሽ ቀኝ እጃቸውን የሚያሠሩ ከሆነ ቀኙ ቢሞቅ አይገርምም። በሩማቶይድ የምንፈልገው ሙሉ ጣት መቅላቱን አይደለም። አንጓው ላይ፣ በተለይ ጣት ከእጅ ጋር በሚገናኝበትና መካከለኛው አንጓ ላይ፣ ከጎኑ ካለው ቆዳ ተለይቶ የሞቀ ቦታ ካለ ነው። የወርቅ ቀለበትም መውለቅ አለበት። ብረት የራሱን ሙቀት በደንብ አይለቅም፤ የአካባቢውን መልሶ ያንጸባርቃል፤ ጣቱ የቀዘቀዘ ያስመስላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የዲክሎፋናኩ ጉዳይ አለ። ፎቶው በተነሳበት ቀን ወስደው ነበር? ዲክሎፋናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፕሬድኒሶሎን፣ የመገጣጠሚያን ሙቀት ያወርዳሉ። ይህ ከድሮም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝ ባዝ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የመገጣጠሚያን ሙቀት ወደ አንድ ቁጥር የሚቀይር ስሌት አሳትመዋል። ከተጠቀሙበት ነገር አንዱ መድኃኒቶች ብግነትን ምን ያህል እንደሚያበርዱ መለካት ነበር። የቴርማል ምስል ጥሩ የሠራውም በዚህ ነው፤ የአንድን ሰው መገጣጠሚያ ከመድኃኒት በፊትና በኋላ ማወዳደር። እናም የእናትሽ ጉልበት ሰማያዊ የሆነው ክኒኑ ስላበረደው ሊሆን ይችላል።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? እንደ ዲክሎፋናክ ያሉት ሙቀቱንና ሕመሙን ይቀንሳሉ፤ የሩማቶይድን አካሄድ ግን አያቆሙም። ፎቶው ደስ ይላል፣ አጥንቱ ከሥር ይበላል። በዚያ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። በ54 ዓመት ይህ ቀልድ አይደለም።

ማዕከሉን በተመለከተ

አትውሰዷቸው። ነገሩ ማጭበርበር ነው ብዬ አልፈርድም፤ ካሜራው እውነተኛ መሣሪያ ነው። «ያለ ደም ምርመራ፣ በካሜራ ብቻ» የሚለው ግን ከዕውቀቱ ቀድሞ የሄደ ንግግር ነው። በጥናቶች የሩማቶይድ ታማሚዎች እጅ ባማካይ ከጤነኛ ሰው እጅ ሞቆ ተገኝቷል። ባማካይ ማለት ግን ለእያንዳንዱ ሰው ማለት አይደለም። የታማሚውና የጤነኛው ቁጥር ይደራረባል። በሽታቸው ጋብ ያለላቸው ሰዎች እጅ ሞቆ የተገኘበትም አለ። «ከዚህ ዲግሪ በላይ ሩማቶይድ ነው» የሚባልበት የተስማማንበት መስመር የለም። የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታዎች ሕክምና) ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት መመዘኛ ከ10 ነጥብ 6 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ሩማቶይድ አለበት ይባላል። ነጥብ የሚሰጠው ለተቆጡት መገጣጠሚያዎች ብዛትና ዓይነት፣ ለሁለት ዓይነት የደም ምርመራዎች ውጤት፣ እና 6 ሳምንት ለሞላው ቆይታ ነው። ለቴርማል ካሜራ የተያዘ ነጥብ የለም።

ገንዘቡን ማውጣታችሁ ካልቀረ አልትራሳውንድ ይሻላል። ዶፕለር (የደም ፍሰትን የሚያሳይ ክፍል) ያለው አልትራሳውንድ በለመደ ባለሙያ እጅ ራሱን ሲኖቪየሙን ያሳያል፤ ውፍረቱን፣ በውስጡ የሚሮጠውን ደም፣ የተጠራቀመውን ፈሳሽ፣ አንዳንዴም የአጥንቱን መበላት። ካሜራው ከውጭ የሚገምተውን እሱ ከውስጥ ያያል።

አሁን ወደ ጻፍሽው ልመለስ። የሁለቱም እጆች ጣቶች፣ ጠዋት ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ያህል፣ ለወራት። በመገጣጠሚያ መበላት የሚመጣ የጠዋት መተሳሰር ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በታች ነው። የእናትሽ ታሪክ እንደ ሩማቶይድ ያለ የብግነት በሽታን ይመስላል። እርግጠኛ ነኝ አልልም፤ ሳላያቸው እንዲህ ማለት አይገባኝም። ቀጠሮ የሚያስይዝ ነገር መሆኑን ግን እርግጠኛ ነኝ። ብርድ ሕመሙን ያብሰው ይሆናል፤ አያመጣውም። በዚህ በሽታ የመጀመሪያዎቹ ወራት ትልቅ ዋጋ አላቸው። ቶሎ የታከመ ሰውና ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣ ሰው እጃቸው አንድ አይሆንም።

አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የውስጥ ደዌ ክፍል አለው። እዚያ ጀምሩ፤ ወይም በምታምኑት የግል ክሊኒክ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ። የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስቶች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ ካስፈለገ ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ ይልካችኋል። ብግነት መኖሩን የሚጠቁሙት የደም ምርመራዎች ኢኤስአርና ሲአርፒ፣ ለሩማቶይድ የሚታዩት ሩማቶይድ ፋክተርና (ምርመራው የሚሠራበት ቦታ ካለ) አንቲ ሲሲፒ፣ ዩሪክ አሲድ፣ የደም ቆጠራ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ፣ የእጅና የእግር ኤክስሬይ ሊታዘዙ ይችላሉ። ሩማቶይድ ፋክተር ኔጌቲቭ ቢሆን «የለብዎትም» ብላችሁ አትመለሱ፤ ከ100 ታማሚዎች ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ላይ አይገኝም። ፖዘቲቭ ሲሆንም ብቻውን አይበቃም፤ በቲቢና በጉበት ቫይረስም ሊመጣ ይችላል። ጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽ ካለ በመርፌ ተቀድቶ ይታያል። እናትሽ ይህን ይፈሩት ይሆናል፤ ግን ሪህን፣ ባክቴሪያንና ሌላውን ለመለየት የሚስተካከለው የለም። ሐኪሙ ጥሬ ወተት ይጠጡ እንደሆነ ቢጠይቃቸውም አትገረሙ። ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ያተኩሳል።

ሩማቶይድ ሆኖ ከተገኘ በብዛት የሚጀመረው ሜቶትሬክሴት ነው። አንድ ነገር ከአሁኑ ልበልሽ። ይህ መድኃኒት በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚወሰደው። በየቀኑ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል። ቀኑን ምረጡ፣ ካሌንደር ላይ አክብቡት፣ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይወቀው። ፎሊክ አሲድም አብሮ ይታዘዛል።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ሁኔታም አለ። ያ አንድ ጉልበት በድንገት ቢያብጥ፣ እንደ ምድጃ ቢግል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ቢመጣ፣ እግራቸውን መርገጥ ቢያቅታቸው፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ባክቴሪያ ከገባ መገጣጠሚያው በቀናት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ፎቶ አታንሱ፣ ቅባት አትቀቡ፣ ወጌሻ ዘንድ አትሂዱ። ወጌሻ የሚያከብር ቤተሰብ እንዳለን አውቃለሁ፤ የተቆጣ መገጣጠሚያን ማሸት ግን ይብስበታል።

ወንድምሽ ካሜራውን መጠቀም ከፈለገ

ለክትትል ይጠቀምበት፤ ለምርመራ አይደለም። የእናትሽን ጉልበት የሚያወዳድረው ከሌላ ሰው ጋር አይደለም። ከራሳቸው ግራ ጉልበትና ከራሳቸው ካለፈው ወር ጋር ነው። ሁኔታው በየጊዜው አንድ ዓይነት ካልሆነ ግን ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

አዳማ ውስጥ ትልቁ ጠላት የአየሩ ሙቀት ነው። ቀትር ላይ ክፍሉ 30 ዲግሪን ሲያልፍ ቆዳውም አየሩም ይቀራረባሉ፣ ላብ ይጀምራል፣ ልዩነቱ ይጠፋል። ለዚህ ዓይነት ምስል የሚመከረው ክፍል ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ያ የሚገኘው በማለዳ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ይሁን፤ መስኮት ተዘግቶ፣ ፋን ጠፍቶ። እጃቸውንና ጉልበታቸውን ገልጠው ለ15 ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ይቀመጡ። እጅ ለእጅ አይነካካ፣ ጭን ላይም አይረፍ። ቅባት የለም፣ ቀለበት የለም፣ ከዚያ በፊት የልብስ አጠባ የለም። ቡናም የለም። የመጨረሻው ከሁሉም እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ፎቶው ያልቅና ጀበናው ይጣዳል።

ካሜራው ላይ የቀለሙን ክልል ከ26 እስከ 36 ዲግሪ ብሎ ይቆልፈው። ቆዳው ጨረር የሚለቅበትን አቅም (ካሜራው ላይ emissivity የሚለውን) 0.98 ላይ ያድርገው። ርቀቱን በሜትር ይለካው፤ ለእጅ ከ30 እስከ 50 ሴንቲሜትር። ሁለቱ እጆች በአንድ ፎቶ፣ ሁለቱ ጉልበቶች በአንድ ፎቶ። ግራና ቀኝ ከ0.5 ዲግሪ በታች ቢለያዩ ይለፈው፤ ጤነኛ ሰውም ይለያያል። በተለያዩ ቀናት ተደጋግሞ 1 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ለሐኪሙ ያሳየው። የታዘዘ መድኃኒት ለፎቶ ተብሎ አይቋረጥም፤ ሰዓቱና መጠኑ ከፎቶው ጋር ይጻፍ። በኮቪድ ጊዜ የተገዛው ግንባር ላይ የሚደገነው ቴርሞሜትር ግን ለዚህ አይሆንም። ብዙዎቹ «የሰውነት» በሚለው ላይ ሲሆኑ የቆዳውን ንባብ ወደ ውስጥ ሙቀት ለውጠው ነው የሚያሳዩት።

እኔን ብትጠይቂኝ ከፎቶው ይልቅ ደብተር እመርጣለሁ። ጠዋት ከተነሱ በኋላ ጣታቸው የተፍታታው በስንት ደቂቃ ነው? ሊጥ ማቡካት ቻሉ? የጀሪካን ክዳን ከፈቱ? ጨርቅ ጨመቁ? ስንት ዲክሎፋናክ ወሰዱ? እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ይዞ የሚመጣ ሰው ሥራዬን በግማሽ ያቀልልኛል።

ሶደሬን በተመለከተ፣ መሄድ ይችላሉ። ሙቅ ውሃ የተሳሰረ ጣትን ያፍታታል፣ ጡንቻን ያላላል፣ ውሃ ውስጥ ጉልበት ሸክሙ ይቀንስለታል። አዋሽ ዳር አንድ ቀን መዋልም በራሱ ሰው ያድሳል። በሽታውን ግን አያቆመውም። ጉልበቱ አብጦ ትኩስ በሆነበት ሳምንት ፍል ውሃው ሊያብሰው ስለሚችል ይቅር። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው ውሃው ውስጥ ብዙ አይቆዩ፤ ሲወጡም ቀስ ብለው ይነሱ። ለክትትል የሚሆን ፎቶ ደግሞ በዚያ ቀን አይነሳ፤ ሁሉም ነገር ቀይ ነው የሚወጣው። ከሁሉ በፊት ግን የሐኪሙ ቀጠሮ ይያዝ፤ ሶደሬ ከዚያ በኋላ ይደረሳል።